ለመለማመጃ ቁራጭ ጨርቅ አትንፈጓቸው

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፦

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው። ልብስ ሰፊና ጠላፊ ነኝ፤ ከሥራዬ ጎን ለጎን ሙያውን መልመድ የሚፈልጉ ልጆችን አስተምራለሁ። ሰሞኑን አንድ አንባቢ በጋዜጣችሁ ላይ የጻፉት ደብዳቤ ዝም ብዬ እንዳልፍ አላደረገኝም። ወንድሜ ያሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ የኮምፒውተር ጥልፍ መኪና በገባበት ዘመን ወጣቶችን በእግር የሚሠራ ሲንጀር መኪና ላይ አስቀምጦ በእጃችሁ ጥለፉ ማለት ጊዜያቸውን ማባከን ነው፤ አዲሱን መኪና ስጧቸውና ይለፍላቸው።

አዲሱ መኪና ቢመጣ እኔም ደስ ይለኛል። በሐሳባቸው ግን አልስማማም። እኔ በማየው የሙያው ትልቁ ችግር የመኪና ዓይነት አይደለም። ልጆቹ አይለማመዱም። ቢፈልጉም የሚለማመዱበት ጊዜ የለም፣ የሚያበላሹት ጨርቅ የለም፣ «ግድ የለም፣ ደግመሽ ሞክሪው» የሚላቸው ሰው የለም። ክር ቆጥቡ፣ ጨርቅ ቆጥቡ፣ ቶሎ ጨርሱ ነው ነገሩ ሁሉ። ጨርቅ ሳያበላሽ ጎበዝ የሆነ ሰፊ ደግሞ እኔ አይቼ አላውቅም።

ነገሩን በደፈናው ከማውራት በአንድ ንድፍ ላስረዳችሁ። እኔ በጣም የምወደው፣ ለልጆቹም ሳልሰለች የማስለምደው የላባ ንድፍ ነው። በኩዊልት ላይ የሚሰፋው።

ኩዊልት ለማያውቁት፦ ሦስት ንብርብር ያለው ብርድ ልብስ ነው። ላይኛው ጨርቅ፣ መሃሉ ባዘቶ ወይም ፋይበር፣ ታችኛው ሌላ ጨርቅ። ሦስቱን አንድ ላይ የሚይዘው በላያቸው ላይ የሚሄደው ስፌት ነው። ስፌቱ ከሌለ መሃል ያለው ባዘቶ ሲታጠብ ወደ አንድ ጥግ ይሰበሰብና ሌላው ቦታ ባዶ ጨርቅ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ስፌቱ ለጌጥም ለጥንካሬም ነው። ለደብረ ብርሃን ሰው ስለ ብርድ ልብስ ጥቅም አልነግረውም። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያለፈ ከተማ ላይ ተቀምጠን፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ሜዳውን አንጥፎት እያደረ፣ ሞቅ ያለ ነገር የሚሰፋ ሰው ገበያ አያጣም።

አሁን ወደ ስፌቱ። በተለመደው ስፌት ጨርቁን እየሳበ የሚወስደው ከመርፌው ሥር ያለው ጥርስ ነው። እኛ ቀጥ አድርገን መያዝ ብቻ ነው። ጨርቁን በእጅ እየነዱ ለመስፋት ግን ጥርሱ ዝቅ ይደረጋል። ዝቅ የማይል መኪና ከሆነ ይሸፈናል። ከዚያ በኋላ መኪናው መርፌውን ከማውጣትና ከማውረድ በቀር ሥራ የለውም። ጨርቁ ወዴት ይሂድ፣ ምን ያህል ይሂድ የሚለውን የሚወስነው እጅ ነው። ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን፣ ዙሪያውን፣ እንደፈለጉ መሄድ ይቻላል። የስፌቱን ርዝመት የሚያስተካክል ቁጥር የለም። እጅ ከፈጠነ ስፌቱ ይረዝማል፣ እጅ ከዘገየ አንድ ቦታ ይከማቻል። እጅና እግር እስኪስማሙ ድረስ የሚወጣው ስፌት አንዱ ረጅም አንዱ አጭር ነው፤ ይህን በማስረዳት ማስተካከል አይቻልም። በመስፋት ብቻ ነው።

የኛ ጠላፊዎች ይህን ሥራ ያውቁታል። የሐበሻ ቀሚስ በመኪና የሚጠልፍ ሰው ጨርቁን ከላይ የሚጫነውን የመኪናውን እግር አውልቆ፣ ጨርቁን በክብ መወጠሪያ ወጥሮ፣ በእጁ እየነዳ ነው ያን ሁሉ መስቀልና አበባ የሚያወጣው። ኩዊልት የሚለየው ወፍራም በመሆኑ ነው። መርፌው ሲወጣ ጨርቁን ይዞት ይነሳና ስፌት ይዘላል። ለዚህ ከመርፌው ጋር ብድግ ቁጭ የምትል፣ ስፕሪንግ ያላት ክብ እግር አለች፤ እሷን ማሰር ነው። ያለ እግር የሚሰፉ አሉ፤ ለጀማሪ ግን አልመክርም፣ ለጣትም ያሰጋል።

ለምን ላባ? ምክንያቱም አንድ ሰፊ የሚያስፈልገው የእጅ እንቅስቃሴ አብዛኛው እዚያ ውስጥ አለ። መሃል ላይ ለስላሳ ሆኖ የሚታጠፍ አንድ ግንድ አለ። ከግንዱ ግራና ቀኝ የሚወጡ ክብ ራስ ያላቸው ቅጠሎች አሉ። እያንዳንዱ ቅጠል ልብ ሥሎ ለሁለት ቢከፍሉት ግማሹ ማለት ነው። ስለዚህ ረጅም መስመር መንዳት አለ፣ ጠባብ ክብ መዞር አለ፣ ቀድሞ በተሰፋው ክር ላይ ተመልሶ መሄድ አለ፣ በትክክለኛው ቦታ ማቆም አለ። ላባ የለመደ እጅ ሌላው ንድፍ አይከብደውም። ደግሞ ላባ እንደ ቦታው ይሆናል። በጠርዝ ዙሪያ ረዥም አድርጎ መውሰድ ይቻላል። ግንዱን ክብ ካደረጉት የአበባ ጉንጉን ይሆናል። ለጥግ ማጠፍ ነው፤ ለትንሽ ቦታ ቅጠሉን ማሳነስ ነው።

ጀማሪን ተስፋ የማያስቆርጥበት ምክንያትም አለው። ቅጠሎቹ እኩል መሆን የለባቸውም። አራት ማዕዘን ወይም ቀጥ ያለ መስመር ትንሽ ከተዛባ ከበር ላይ ይታያል። ላባ ግን አንዱ ቅጠል ወፍሮ አንዱ ቢቀጥን፣ አካሄዱ ለስላሳ እስከሆነ ድረስ ዓይን አይቆጥረውም። ሦስት ቅጠል የተበላሸበትን ላባ ሠርታ ልታለቅስ የደረሰችን ልጅ ሙሉውን ጨርቅ ዘርግቼ ራቅ ብላ እንድታየው አደርጋለሁ። ራሷ የቱ እንደተበላሸ ፈልጋ ታጣዋለች።

ልምምዱ የሚጀምረው ከመኪናው አይደለም። ከወረቀት ነው። እዚህ ላይ እናንተንም ላመሰግን፤ የቆዩ ጋዜጦቻችሁ እኔ ዘንድ ትልቅ ሥራ አላቸው። ልጆቹ በጋዜጣው ላይ በወፍራም ማርከር ላባ ይሥላሉ። ሕጉ አንድ ነው፦ ማርከሩ ከወረቀቱ አይነሳም። ክር ሳይቆረጥ የሚሄድ ስለሆነ ስዕሉም ሳይነሳ መሄድ አለበት። መጀመሪያ ግንዱን ይሥላሉ፣ ከዚያ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ አንዱን ጎን፣ ከዚያ እንደገና ከታች ጀምሮ ሌላውን ጎን። ይህ ጊዜ ማባከን የሚመስላቸው ልጆች አሉ፤ እነሱን መኪና ላይ ሳስቀምጣቸው እጃቸው ወዴት እንደሚሄድ ይጠፋባቸዋል። መንገዱን እጃቸው የሚያውቀው ልጆች ግን ሐሳባቸውን ሁሉ ለፍጥነቱ መስጠት ይችላሉ። ስዕል አልችልም የሚል ሰው እንዳይፈራ። ይህ ስዕል መቻልን አይጠይቅም፤ አንድ ቅርጽ ደጋግሞ መሥራት ነው።

ቅጠሎቹን የመስፋት ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ቅጠሎቹ ሳይነካኩ፣ በመሃላቸው ትንሽ ክፍተት እየተተወ ነው። አንዱን ቅጠል ከግንዱ አስነስቶ ዞሮ ወደ ግንዱ መመለስ፣ በግንዱ ላይ ትንሽ ከፍ ማለት፣ ቀጣዩን መጀመር። ይህ ይቀላል፣ ለጀማሪም ይኸው ይበቃል። ሁለተኛው ቅጠሎቹ ተደጋግፈው የሚቆሙበት የቆየው አሠራር ነው። የመጀመሪያው ቅጠል ዞሮ ግንዱ ላይ ካረፈ በኋላ፣ ሁለተኛውን ለመጀመር በዚያው ቅጠል ጎን ላይ፣ በተሰፋው ክር ላይ እየሄዱ መውጣት ነው። ራሱ ጋ ሲደርሱ ይለያሉ፣ የራሳቸውን ክብ ይዞራሉ፣ ወደ ግንዱ ይመለሳሉ። በዚህኛው ትልቁ ፈተና ክር በክር ላይ መሄዱ ነው። ትንሽ ከሳቱ ሁለት መስመር ሆኖ ይታያል። ለዚህ ነው ቀጭን ክር የሚያስፈልገው፤ ወፍራም ክር ሁለት ጊዜ ሲሄድበት ገመድ ይሆናል።

በሁለቱም መንገድ ግን ውበቱን የሚያመጣው ቅጠሉ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። ከልጆቹ ጋር የማያልቀው ክርክሬ እሱ ላይ ነው! አብዛኞቹ ቅጠሉን ቀጥ አድርገው፣ እንደ መስቀለኛ፣ ከግንዱ ጋር ያጋጩታል። እንዲህ ሲሆን ላባነቱ ይጠፋና ጎን ለጎን የተደረደሩ ጣቶች ይሆናል። ቅጠሉ ወደ ግንዱ ሲወርድ እየቀጠነ፣ እያዘነበለ፣ ወደ ታች እየተንሸራተተ ነው መግባት ያለበት። ዋናው መንገድ ላይ ከመጋቢ መንገድ የሚገባ መኪና ዘው ብሎ አይገባም፤ ጎን ለጎን ሄዶ ቀስ ብሎ ይቀላቀላል፣ እንደዚያ ነው። ራሱ ወፍራም፣ እግሩ ቀጭን። ይህን ያገኘች ልጅ ሌላው ሁሉ በጊዜ ይመጣላታል።

ሲያቆሙም ግንዱ ላይ ነው ማቆም። መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንዳለ። የቅጠሉ ክብ ራስ ላይ ቆሞ እጅን ማስተካከል ስብራት ይፈጥራል፤ ያ ስብራት ደግሞ ከታጠበም በኋላ ይታያል። ዓይን መርፌው ላይ መሆን የለበትም። ቀጥሎ የሚኬድበትን ቦታ ነው ማየት። መርፌውን የምታይ ልጅ እጇ ይቆራረጣል።

ከወረቀት ስዕል ቀጥሎ ያለ ክር ወረቀት ላይ መስፋት አለ። አሮጌ መርፌ ታስሮ (ወረቀት መርፌ ያደንዛል) ጋዜጣው ላይ በተሣለው ላባ ላይ ቀዳዳ በቀዳዳ ይኬዳል። ቀዳዳዎቹ ርቀታቸው እኩል ከሆነ እጅና እግር ተስማምተዋል ማለት ነው። አንድ ክር አልጠፋ፣ አንድ ጨርቅ አልተበላሸ። ድሃ አገር ነን፣ መለማመጃ አይገኝም ለሚሉት ሁሉ መልሴ ይኸው ነው።

ከዚያ ጨርቅ። ለመለማመጃ አዲስ ነገር መግዛት አያስፈልግም። ላይኛውና ታችኛው ያረጀ አንሶላ ይሆናል። መሃሉስ? በየቤታችን ጠርዙ የተበላ፣ መሃሉ የሳሳ የድሮ የሱፍ ብርድ ልብስ አለ። በተለይ በዚህ ከተማ፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ባለበት አገር፣ ያልተረፈው ቤት የለም። ታጥቦ ቢቆረጥ ለመሃል የሚገባ ጥሩ ነገር ነው፤ አይንሸራተትም፣ አይሰበሰብም። ሦስቱን አንድ ላይ በመርፌ ቁልፍ መያዝ ነው፣ በትንሽ በትንሹ ርቀት። መጠኑ እጅ ከሚዘረጋው አይብለጥ፤ ትልቁን ብርድ ልብስ በመኪናው አንገት ውስጥ ጠቅልሎ መግፋት ሌላ ትግል ነው፣ ለኋላ ይቆይ።

ሲጀመር የታችኛውን ክር አንድ ጊዜ ወደ ላይ ማውጣትና ሁለቱንም ክር በእጅ መያዝ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ከታች ይተበተባል። ከዚያ ሁለት ሦስት ጠባብ ስፌት ቦታው ላይ ሰፍቶ ማጥበቅ፣ ክሩን መቁረጥ፣ መሄድ። ለልምምድ ከጨርቁ የተለየ ቀለም ያለው ክር ተጠቀሙ እላቸዋለሁ። ጥቁር ጨርቅ ላይ ጥቁር ክር ሁሉንም ይሸፍናል፤ ሰው የሚማረው የሠራውን ሲያይ ነው። ለገበያ የሚሆነው ሥራ ላይ ሲደረስ ግን ክሩ ከጨርቁ ጋር ቢመሳሰል ይሻላል።

አንድ ችግር አለ፣ ሁሉም ጀማሪ የሚገጥመው። ከላይ ያማረ ስፌት ይሆንና ጨርቁ ሲገለበጥ ክቦቹ ዙሪያ ልል ክር ተንጠልጥሎ ይገኛል። ብዙ ሰው ወዲያው ቦቢኑን፣ የታችኛው ክር የሚጠቀለልበትን፣ ይወቅሳል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ከላይኛው ክር ነው። ወይ ክሩ በመኪናው የክር መወጠሪያ ውስጥ በደንብ አልገባም፣ ወይ መወጠሪያው ላልቷል፣ ወይም ደግሞ እጅ ክቡ ላይ ሲደርስ ይወረወራል። ሦስተኛው በጣም የተለመደው ነው። ቀጥ ያለው ላይ ፈርታ ቀስ ያለች ልጅ መዞሪያው ላይ ትቸኩላለች። መፍትሔው የመኪናውን እግር አንስቶ ክሩን እንደገና ማስገባት፣ ከዚያ የመኪናውን ፍጥነት ሳይለዋውጡ ይዞ እጅን በዚያው ልክ ማስኬድ ነው። ቀስ ያለ እጅ፣ የማይቆራረጥ መኪና። በየቁራጩ እየገለበጡ ማየት ደግሞ ልማድ ይሁን፤ ሙሉውን ጨርሶ መፍታት ያሳምማል።

ስለ እግር መኪና አንድ ነገር ልበል። ኤሌክትሪክ የሌለው ሲንጀር ኋላ ቀር ነው ሲባል ደሜ ይፈላል። ለዚህ ልምምድ እንደሱ ያለ የለም። ስታቆም ይቆማል፣ አንድ ስፌት ብቻ ልስፋ ብትል ይሰፋልሃል። መብራት ሲጠፋ የኤሌክትሪክ መኪና ያላቸው እጃቸውን አጣጥፈው ሲቀመጡ የኛ ልጆች ላባቸውን ይቀጥላሉ። አንዳንዶቹ ላይ ጥርሱን ዝቅ የሚያደርግ ማስተካከያ ከጠረጴዛው ላይ አለ፤ ባለቤቶቹ ብዙዎቹ ነክተውት እንኳ አያውቁም። ያላችሁ ሰዎች ዘይት አድርጋችሁለት ሞክሩት።

ወንድሜ ወዳነሱት የኮምፒውተር መኪና ልመለስ። አንድ ዓይነት ነገር በብዛት ለማውጣት ይጠቅማል፣ ምንም ጥያቄ የለውም። ግን ኩዊልት ትልቅ ኢንዱስትሪ በሆነበት በአሜሪካ ሙሉ ብርድ ልብስ በኮምፒውተር እየተመራ የሚሰፋ መኪና ከመጣ ቆይቷል። ሰዎቹ ግን ላባን በእጅ መንዳት አልተዉም፤ ዛሬም ትምህርት ከፍለው ይማሩታል። ላባ በሰሜን እንግሊዝና በአሜሪካ ሴቶች ዘንድ ከመኪና በፊት በእጅ መርፌ ሲሰፋ የኖረ ንድፍ ነው። መኪና ሲመጣ ደግሞ ክርክር ነበረ። በመኪና የተሰፋ ሥራ ሥራ አይደለም ይባል ነበር። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1989 በኬንታኪዋ ፓዱካ ከተማ በአሜሪካ ኩዊልተሮች ማኅበር ውድድር የካሪል ብራየር ፋለርት ሥራ አንደኛ ሲወጣ፣ በመኪና የተሰፋ ኩዊልት ያን ሽልማት ሲወስድ የመጀመሪያው ነበር፤ ብዙ ሰውም ተቆጥቷል። ዛሬ በመኪና የተሰፋው መሸለሙ የሚገርመው የለም። መሣሪያው ይቀያየራል። በእጅ የሚነዳ ሰው ግን በየዘመኑ ተፈልጓል።

ደግሞ ኮምፒውተሩ ንድፉን ከየት ያመጣዋል? አንድ ሰው ሠርቶ ሲያስገባለት ነው። የትኛው መስመር ቀድሞ ይሰፋ፣ ክሩ ሳይቆረጥ በየት ተዞሮ ይመለስ የሚለውን የሚያውቀው በእጁ የሰፋ ሰው ነው። ልጆቻችን የኮምፒውተር መኪና ሲያገኙ ከገበያ የመጣ የሰው ንድፍ እየጫኑ እንዲኖሩ ነው ወይስ የራሳቸውን እንዲያስገቡ? በየብራና መጽሐፉ ራስጌ ላይ ያለውን ሐረግ የሚባለውን የተጠላለፈ ጌጥ አስቡት። በሰሜን ሸዋ ገዳማትና አድባራት ያሉት የብራና መጻሕፍት ስንት ዓይነት ሐረግ ይዘዋል! ላባ የለመደች ልጅ ሐረግን በክር ማውጣት ትችላለች፤ መስመርን ሳትቆርጥ ማጠፍና ማዞር ተምራለችና። ብርድ ልብስ ላይ ሐረግ፣ ጋቢ ላይ ሳይሆን ብርድ ልብስ ላይ፣ አይታችኋል? እኔ ማየት እፈልጋለሁ።

ስለ መንዝም ማንሳት አለብኝ። የመንዝ ሰው ከበጉ ጠጉር ዝተትና ባና እየሠራ ብርዱን ችሎት የኖረ ሕዝብ ነው። ያ ጠጉር ለኩዊልት መሃል ይሆናል ወይ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። ይሆናል፣ ግን ሥራ አለው። የመንዝ በግ ጠጉር ሸካራ ነው። ታጥቦ፣ ተፈልቅቆ፣ ተባዝቶ ጨርቅ ውስጥ ቢገባ፣ ከጊዜ በኋላ ጫፍ ጫፉ በጨርቁ ቀዳዳ እየወጣ ሰውን ይበላል። ስለዚህ መጀመሪያ በስስ ሻሽ መሸፈን፣ ላይኛውንም ጨርቅ ጠበቅ ካለ ሽመና መምረጥ ያስፈልጋል። ስፌቱም ቀረብ ቀረብ ማለት አለበት፤ ላባው እዚህ ላይ በጣም ይጠቅማል፣ ጠጉሩን በየቅጠሉ ይዞ ያስቀምጠዋልና። በፈላ ውኃ ማጠብ ክልክል ነው፣ ይኮማተራል። በመሐል ሜዳም በሞላሌም ጠጉሩን የሚያውቁ ሰዎች አሉ፤ በደብረ ብርሃን ደግሞ መስፋት የሚችሉ አሉ። የሚያገናኛቸው ቢገኝ ጥሩ ሥራ ይወጣል ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የሥልጠና ቦታ ጨርሳ ወረቀቷን ይዛ ወደኔ የመጣች ልጅ አለች። ቀሚስ ቆርጣ ትሰፋለች፣ ጎበዝ ናት። የመኪናዋን ጥርስ ዝቅ ማድረግ እንደሚቻል ግን ማንም አሳይቷት አያውቅም። ለልምምድ ስንት ጨርቅ ተሰጠሽ ስላት ለፈተናው የሚሆነው ብቻ ነው አለችኝ። አንድ ጨርቅ! ያንንም እንዳታበላሽ እየተንቀጠቀጠች። እንዲህ ሆኖ እጅ ከየት ይፈታል? ልጅቷን አልወቅስም፣ አስተማሪዎቹንም ብቻ አልወቅስም። ለልምምድ የሚሆን ክርና ጨርቅ በጀት ውስጥ ማስገባት ብክነት ነው ብሎ የሚያስብ ሰው አለ፤ የምናገረው ለሱ ነው። እሳት ሳይነድ እንጀራ አይጋገርም።

ወላጆችም አላችሁ። «ቀኑን ሙሉ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ስትጫወት ትውላለች፣ መቼ ነው ገንዘብ የምታመጣው?» ብለው ልጃቸውን ከኔ ሊወስዱ የመጡ እናት ነበሩ። እሺ እማማ ብዬ አስቀመጥኳቸው፣ ቡና ጠጣን፣ ልጅቷ መጀመሪያ የሰፋችውንና ያን ሰሞን የሰፋችውን ጎን ለጎን አነጠፍኩላቸው። ብዙም አላወራሁ። በጣታቸው እየተከተሉ አዩትና «ይኼ የሷ ነው?» አሉኝ። ልጅቷ ቀጠለች። ዛሬ የትራስ ልብስና የሕፃን ብርድ ልብስ ሰፍታ ትሸጣለች።

ልምምዱ ቀኑን ሙሉ መሆን የለበትም። በየቀኑ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ በሳምንት አንድ ቀን ሙሉ ከመቀመጥ በጣም ይሻላል። ትከሻ ሳይደክም፣ ዓይን ሳይሰለች። እዚህ ጠዋት ጣት ስለሚደነዝዝ መጀመሪያ እጅ ማሞቅ ነው። ለሥራ የሚሸጠው ጎማ ነጠብጣብ ያለበት ስስ ጓንት ካለ ደግሞ ጨርቁን ሳይጨመድዱ መንዳት ያስችላል፤ እጅ በጣም ከጨበጠ ክቡ ክብ አይሆንም።

በከተማችን ያላችሁ የስፌት ቤት ባለቤቶች፣ አንድ ልመና አለኝ። ማታ ጠራርጋችሁ የምታወጡትን ቁራጭ አንድ ጆንያ ውስጥ አጠራቅሙ። የእጅ መዳፍ የሚያህለውንም ቢሆን። ለማጅ ልጅ ስትመጣ «ውሰጂ» በሏት። ለእናንተ ምንም አይደለም። ለሷ የአንድ ወር ትምህርት ነው።

ለእናንተ ለዝግጅት ክፍሉ ደግሞ ጥያቄዬ ይህ ነው። አንድ ቀን ግማሽ ገጽ ስጡንና የላባ ንድፍ በትክክለኛ መጠኑ አውጡ። መሥራቱን እኔ በነፃ እሠራዋለሁ። ግንዱ በወፍራም መስመር፣ ቅጠሎቹ በስሱ፣ የስፌቱ አቅጣጫ በቀስትና በቁጥር ይሁን። ለማጅ ልጅ ከመንዝ፣ ከአንኮበር፣ ከደብረ ሲና ጋዜጣውን ገዝታ በቀጥታ መኪናዋ ላይ አስቀምጣ ያለ ክር ልትሄድበት ትችላለች። ስታወጡት ከጀርባው ጥቁር ፎቶ ወይም ትልቅ ማስታወቂያ እንዳይሆን አደራ፣ ቀለሙ ከበዛ መስመሩ አይታይም። ዙሪያውንም ባዶ ቦታ ተዉለት፤ እጅ የሚያርፍበት ያስፈልጋል።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት ልብስ ሰፊ፣ ከደብረ ብርሃን